ሰው በታመመ አይጥ ተወጋ

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል ያገራችን ሰው። አጥፊው ሌላ፣ ተቀጪው ሌላ ሲሆን የሚነገር ቃል ነው። ይህን ተረት ገልብጠን የምናይበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ የሚታመመው ሰው ነው፤ የሚወጋው ግን አይጥ። ሕመም እንቅልፍ የነሳው፣ ልጅ አልወልድ ያለው፣ በሱስ የተያዘው ሰው ነው፤ መርፌው የሚያርፍበት፣ ደሙ የሚቀዳው፣ በመጨረሻም አንገቱ የሚቀላው አይጥ ነው። «ታዲያ ምን ይሁን? አይጥ አይደለም እንዴ!» የሚል ካለ፣ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለሱ የተጻፈ ነው።

እኛ የቋንቋና የፍልስፍና ነገር እንጂ የዕጢና የደም ነገር የምንማር አይደለንም። ነገር ግን የሳይንስ ጓደኞቻችን በሚሠሩት ሥራ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ ሲገኝ፣ «እናንተን አያገባችሁም» ተብሎ በር ሊዘጋብን አይገባም። ጥያቄያችን አንድ ነው። እንስሳ እንደኛው ሕመም እንደሚሰማው ይበልጥ ያስረዳንን ዕውቀት ያገኘነው እንስሳውን በማሳመም ከሆነ፣ ያ ዕውቀት ምን ዕዳ ያስከትላል? ነገሩን በአየር ላይ እንዳናንጠለጥለው አንድ የታወቀ የምርምር መስክ እንውሰድ። ይኸውም ኦፒዮይድ ፔፕታይድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ እንስሳት ሰውነት ውስጥ የሆርሞንን አመነጫጨት እንዴት እንደሚለውጡ የተጠናበት መስክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአበባ ነው። ፖፒ ከሚባለው አበባ ፍሬ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ሲደርቅ ኦፒየም ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዜርቱርነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከኦፒየም ውስጥ ዋናውን ኃይል ለይቶ አወጣና በግሪኮች የሕልም አምላክ ስም ጠራው። ዛሬ ሞርፊን የምንለው ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሞርፊን የስንቱን ቁስለኛ ጩኸት ሲያበርድ ኖረ፤ በሰውነት ውስጥ የት አርፎ እንደሚሠራ ግን በማስረጃ ያሳየ አልነበረም።

በ1973 በአሜሪካ ካንዳስ ፐርትና ሰሎሞን ስናይደር፣ በዚያው ዓመትም በኒውዮርክና በስዊድን የሚሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በአንጎል ውስጥ ሞርፊን የሚያርፍበት የተለየ «ተቀባይ» መኖሩን አሳዩ። ሞርፊን ቁልፍ ነው እንበል፤ ተቀባዩ የቁልፍ ቀዳዳ ነው። እንግዲህ ጥያቄ ተከተለ። ተፈጥሮ የአንድ አበባ ቁልፍ የሚገባበትን ቀዳዳ በአይጥና በሰው አንጎል ውስጥ ምን ቆርጧት ሠራች? አበባው እስኪደርስ ስትጠብቅ ኖራለች? አይመስልም። ቤቱ የራሱ ቁልፍ ነበረው ማለት ነው።

ቁልፉ በ1975 ተገኘ። በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ፣ ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትስ ከአሳማ አንጎል ሁለት ትንንሽ ፔፕታይዶች አወጡ። ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተከታትለው የተሰኩበት አጭር ሰንሰለት ነው። ሁለቱም አምስት አምስት ፍሬ ያላቸው ሲሆኑ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፍሬ ብቻ ነው። ስማቸውን ኤንኬፋሊን አሏቸው፤ በግሪክኛ «ራስ ውስጥ ያለ» እንደ ማለት ነው። በ1976 ደግሞ ቾ ሃኦ ሊ የተባለው ሊቅ በካሊፎርኒያ ሆኖ ከግመል ፒቱይታሪ ዕጢ 31 ፍሬ ያለው ሌላ ሰንሰለት አገኘ። ይህ ቤታ ኤንዶርፊን የሚባለው ነው። ኤንዶርፊን ማለት ከውስጥ የሚመነጭ ሞርፊን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አይጥ፣ አሳማ፣ ግመል፣ ሰው። የአንዱ መልክ ከሌላው ምን ያህል ይራራቃል! ግን የየራሳቸው አካል አንድ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ያዘጋጃል። ለማይታመም ቤት መድኃኒት ማን ያስቀምጣል? አንድ ተጠራጣሪ «እነዚህ ነገሮች ከሕመም ሌላም ሥራ አላቸው» ይለን ይሆናል። እውነቱን ነው። እንዲያውም የሆርሞኑ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ፒቱይታሪ ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች፣ በሰው ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ናት። ከበላይዋ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ያዛታል፤ እሷ ደግሞ በደም በኩል ሌሎቹን ዕጢዎች ታዛለች። በ1977 በሚቺጋን የጆሴፍ ሚትስ ቡድን ለአይጦች ሞርፊን ወይም አንደኛውን ኤንኬፋሊን ወግቶ ደማቸውን ለካ። ለጡት ወተት የሚያስፈልገው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከፍ አለ፤ የእድገት ሆርሞንም እንዲሁ። ለእንቁላል ዕጢና ለወንድ ዘር ፍሬ ትእዛዝ የሚያደርሰው ኤል ኤች የሚባለው ሆርሞን ግን ዝቅ አለ። ቀጥሎ ናሎክሶን ተወጋ። ናሎክሶን ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የሚሸነቆር፣ ራሱ ግን በሩን የማይከፍት የውሸት ቁልፍ ነው። እሱ ሲወጋ ነገሩ ተገለበጠ። ፕሮላክቲን ወረደ፤ ኤል ኤች ወጣ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለኛ ለውጭ ሰዎችም ግልጽ ነው። ማንም ሞርፊን ያልሰጠው አይጥ ቀዳዳው ሲዘጋበት ሆርሞኑ ከተለወጠ፣ የራሱ የውስጥ ሞርፊን ዱሮውንም በዝምታ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ማደግን፣ መውለድን፣ ማጥባትን የሚያዝዘው ክፍል ከሕመምና ከጭንቅ ማስታገሻው ጋር ይነጋገራል። በዚያው በ1977 የሮዤ ጊዬማን ቡድን ፒቱይታሪ ቤታ ኤንዶርፊንን የምትለቀው ሰውነትን ለጭንቅ ከሚቀሰቅሰው ኤ ሲ ቲ ኤች ከተባለው ሆርሞን ጋር ባንድ ጊዜ መሆኑን አሳየ። እግሩን በኤሌክትሪክ የተነዘረ አይጥ ደሙ ውስጥ ቤታ ኤንዶርፊን እንደሚጨምርም ታወቀ። በ1979 በጃፓን፣ በኪዮቶ፣ ናካኒሺና ኑማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለቱም ከአንድ ትልቅ ፕሮቲን ተቆርጠው እንደሚወጡ ገለጡ። የጭንቅ ደወልና የጭንቅ ማጽናኛ የአንድ እናት ልጆች ናቸው!

አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። በ1980ዎቹ በእንግሊዝ ተመራማሪዎች በመውለድ ላይ ያለችን አይጥ ከጎጆዋ አንስተው ወደማታውቀው ቦታ አዛወሯት። ምጡ ዘገየ። ማሕፀንን የሚገፋው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በራሷ ኦፒዮይድ ታግዶ ነበር። ናሎክሶን ሲሰጣት መውለዷን ቀጠለች። እናቲቱ ስትረበሽ ሰውነቷ «ቆይ፣ ቦታው ደግ አይደለም» ብሎ ልጆቿን በሆዷ ያቆይላታል እንደ ማለት ነው። ይህን ያነበበ ሰው «አይጥ አይደለም እንዴ!» ለማለት ምላሱ ትንሽ አይከብደውም?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በእንስሳት ላይ ስለሚደረግ ሙከራ ወቀሳ ሲነሣ የተለመደው መልስ «ማደንዘዣ እንሰጣለን» ነው። በብዙ ሙከራ መልሱ ያስኬዳል። እዚህ ግን ችግር አለ። የሚመረመረው ነገር ራሱ ማደንዘዣ ነው፤ ከውጭ ሌላ ማደንዘዣ ቢጨመር የሆርሞኑ ቁጥር ይበላሻል። አይጡን አፈፍ አድርጎ መያዝ እንኳን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፕሮላክቲኑን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ አይጡን አስቀድሞ ለቀናት እያነሣ፣ እየዳሰሰ እጁን ያስለምደዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ በደም ሥሩ ባስገባው ቀጭን ቱቦ ደሙን ይቀዳል፤ ወይም ባንድ ምት አንገቱን ቆርጦ የሚፈሰውን ደም ይሰበስባል። እጅ የለመደ አይጥ አይፈራም፤ የማይፈራ አይጥ ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል። ጭንቅን ለማጥናት በተዘጋጀው ሙከራ ደግሞ ጭንቁ ሊቀነስ አይችልም፤ የሚለካው እሱ ነውና። በናሎክሶን ሙከራ ላይ የሚሆነው ከሁሉ ይብሳል። ጭንቅ በደረሰበት እንስሳ ላይ ሲሰጥ፣ ተፈጥሮ የሰጠችውን ማጽናኛ ቀምቶ ምን እንደሚሆን ማየት ነው።

ይህን ስንል ተመራማሪዎቹን ጨካኞች ለማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እንመልከተው። አይጥ እኛን የማትመስል ከሆነ፣ ከደሟ የሚገኘው ቁጥር ለሰው ሕክምና ምን ይጠቅማል? የምትመስለን ከሆነ ደግሞ፣ በራሳችን ላይ የማናደርገውን በሷ ላይ እንድናደርግ ማን ፈቀደልን? ሙከራው ጥቅም የሚያገኘው ከመመሳሰሉ ነው፤ ጥያቄ የሚነሣበትም ከዚያው ከመመሳሰሉ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም።

በ17ኛው መቶ ዓመት ዴካርት እንስሳትን እንደ ሰዓት ባሉ ማሽኖች መሰላቸው። በ1789 ቤንታም የእንስሳ ጉዳይ የሚለካው በማሰቡ ወይም በመናገሩ ሳይሆን በመሠቃየቱ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። ፒተር ሲንገር ስለ እንስሳት ነጻነት የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1975 ነው። ኤንኬፋሊን የተገኘውም ያኑ ዓመት ነው! ፈላስፋው «እንስሳም ይሠቃያል» ብሎ በቃል ሲሟገት፣ ኬሚስቱ የሥቃዩን ማስታገሻ ከእንስሳው አንጎል አውጥቶ በብልቃጥ አስቀመጠልን። ከዚያ ወዲህ «አላወቅንም ነበር» የሚል ምክንያት ቀርቶብናል።

ጓደኞቻችን ሁለት መልስ ሲሰጡን እንሰማለን። አንደኛው «ኧረ ተዉን፣ በዓል ሲመጣ ከዶሮ ወጡ የማትቀሩ!» የሚል ነው። አንቀርም። ነገር ግን ያገራችን አራጅ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ አስተውሉ። ክርስቲያኑ በስመ አብ ሳይል፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ሳይል ቢላ አያነሣም። ይህ ለእንስሳው ሕመም አይቀንስለትም ይባል ይሆናል። ቢሆንም አራጁ የሚያጠፋው ነፍስ የሱ አለመሆኗን፣ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት ይመሰክራል። ተበዳሪ ነኝ ይላል። የኛም ጥያቄ የሚያርደው ሰው መኖሩ ላይ አይደለም፤ ያረደው ነገር ምንም አይደለም የሚለው ላይ ነው።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል። «ሰው በሚራብበት፣ ሰው ያለ መድኃኒት በሚሞትበት አገር ለአይጥ ታለቅሳላችሁ?» ይሉናል። ርኅራኄ በቁና የሚሰፈር እህል ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ትክክል ይሆን ነበር፤ ለአይጥ የሰጠነው ከሰው ይጎድል ነበር። ግን እንዲያ አይደለም። በደካማው ላይ የሠለጠነ እጅ፣ ደካማው አይጥ ይሁን ሰው አይመርጥም። ደግሞም ከዚህ ከሰው መከራ ተነሥተን ነው ነገሩን ወደ ፍርድ የምንወስደው።

እስቲ አንድ ቃል እንመርምር፤ ቃል የኛ ድርሻ ነውና። የእንግሊዝኛ የምርምር ጽሑፎች እንስሳቱ ተገደሉ ከማለት ይልቅ «ተሠዉ» ማለት ይወዳሉ። ጸሐፊዎቹ ነገሩን ለማለስለስ ያመጡት ቃል ይመስለናል፤ ግን ሳያስቡት ከባድ ቃል አነሡ። በኛ ዘንድ መሥዋዕት ሲባል ሁሉም የሚያስታውሰው አብርሃምን ነው። በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግ የመጣው መቼ ነው? ቢላዋው በልጁ ላይ ከተነሣ በኋላ ነው። ልጁን ክርስቲያኑ ይስሐቅ ይለዋል፤ ሙስሊሙ እስማኤል ይላል፤ ነገሩ አንድ ነው። በጉ ቤዛ የሆነው ቤዛ የሚያስፈልገው ልጅ እዚያው ታስሮ ተጋድሞ ስለ ነበር ነው። ደግሞም በጉ ሲታረድ ልጁ ተፈታ። ልጁ ባይኖር ኖሮ በጉን ማረድ ቤዛነት አይባልም ነበር፤ በጉ ታርዶ ልጁ ባይፈታ ኖሮም እንዲሁ።

የቤተ ሙከራውን «መሥዋዕት» በዚህ እንመዝነው። በመጀመሪያ፣ የታሰረው ልጅ አለ ወይ? በዚህ መስክ አለ። በአንዳንድ ሴቶች ላይ፣ በረኀብና ከልክ ባለፈ የሰውነት ድካም ጊዜ፣ የወር አበባ የሚቋረጥበትን ምክንያት ለመረዳት ይህ ምርምር አንድ መንገድ ከፍቷል። ሞርፊንና የመሳሰለውን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች የጾታ ሆርሞናቸው ለምን እንደሚወርድ ተገልጧል። ናሎክሶን ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ ወስዶ ትንፋሹ የተቋረጠውን ሰው ከሞት አፋፍ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ክዶ «ሙከራ ይቅር» ማለት ለኛ ቀላል ነው፤ የሕመሙ ባለቤት አይደለንምና። ለዚህ ነው «ይቅር» የማንለው።

ግን ሁሉም ሙከራ የታሰረ ልጅ አለው? ማዕርግ ለማግኘት ብቻ የሚደረግ፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ሌላው የሠራውን ሳያነቡ የሚደገም ሙከራ አለ። እዚያ በጉ አለ፤ ልጁ የለም። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ባወጡት መጽሐፍ ሦስት ነገር ጠየቁ፤ ያለ እንስሳ መሥራት ከተቻለ ያለ እንስሳ ይሠራ፤ ካልተቻለ ቁጥሩ ይቀነስ፤ ያም ሲሆን ሥቃዩ ይቅለል። በኛ መስክ ሦስተኛው አንዳንድ ጊዜ እንደማይቻል አይተናል። ሦስተኛው በተዘጋበት ቦታ እንግዲህ የፊተኞቹ ሁለቱ በእጥፍ መጥበቅ አለባቸው። ሥቃዩን መቀነስ ያልቻለ ሰው፣ ቢያንስ ሥቃዩ ለምን እንዳስፈለገ የማሳየት ዕዳ አለበት።

በመጨረሻ፣ ልጁ ተፈታ ወይ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከ2010 እስከ 2013 በአማካይ በየዓመቱ በዓለም ላይ 298.5 ቶን ኦፒዮይድ (በሞርፊን ልክ ተሰልቶ) ተከፋፍሏል። ከዚያ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። የኛ አገርም ያኔ የምትመደበው ከነዚሁ ጋር ነበር። ሞርፊን ዛሬ የተፈለሰፈ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው፣ በርካሽ ሊሠራ የሚችል መድኃኒት ነው። በየት በኩል ሕመምን እንደሚያረጋጋ ለማወቅ አይጡ፣ አሳማውና ግመሉ አካላቸውን ሰጡ፤ ወይም ተወሰደባቸው። ካንሰር አጥንቱን የሚበላው ገበሬ ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ግድግዳ እየቧጠጠ ይሞታል። በጉ ታረደ፤ ልጁ ግን አልተፈታም። እንዲህ ሲሆን ቢላዋው በሁለቱም ላይ አርፏል፤ መሥዋዕት የሚለውም ቃል ውሸት ሆነ ማለት ነው።

«ለሰው ወይስ ለአይጥ?» የሚለውም ጥያቄ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ዕውቀቱ ለታመመው ሳይደርስ መጋዘን ውስጥ በቀረ ቁጥር ሰውም ይበደላል፣ እንስሳውም በከንቱ ሞተ ይባላል። የአይጡ ዕዳ የሚከፈለው ለአይጡ አይደለም፤ እሱማ ሞቷል። የሚከፈለው ሞቱ ምክንያት ባደረገው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው።

ይህን የምንጽፈው ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ስላልሆነ ነው። ባገራችን ዩኒቨርስቲዎችም የባህል መድኃኒት ዕፀዋት ሕመም የማስታገስ ኃይል የሚፈተነው በአይጥ ነው። አይጡ የጋለ ሳህን ላይ ይቆምና እግሩን እስኪልስ ወይም እስኪዘል ድረስ ሰኮንዱ ይቆጠራል። ሥራው ያስፈልግ ይሆናል፤ ቅጠሉ ነገ የገበሬውን ሕመም የሚያበርድ ከሆነ የታሰረው ልጅ አለ። ግን ውጤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሊጠጣ ከሆነ፣ ያ አይጥ እሳት ላይ የቆመው ለማን ነው?

ስለዚህ የሳይንስ ጓደኞቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ ደርሳችሁ፣ በእንግሊዝኛውም ቢሆን፣ እንስሳቱ «ተሠዉ» ብላችሁ ስትጽፉ እጃችሁን ገታ አድርጉና «ለማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከዚያው ዓረፍተ ነገር ሥር መጻፍ የቻለ ይጻፍ፤ ጽፎም በሽተኛው ዘንድ እስኪደርስ ይከታተለው። መልሱን መጻፍ ያልቻለ ግን ቃሉን ከመሰረዙ በፊት ቢላዋውን ያስቀምጥ።